ባሕር ላይ ሱቅ የለም

ኮምቦልቻ፣ ግቢያችን ውስጥ፣ መሬቱ ላይ፣ በኖራ፣
አባቴ ጀልባ ሠራ።
አፍንጫዋ ዘይቱኑ ሥር፣ ኋላዋ ከቧንቧው ዳር፤
እውነተኛዋ ታጁራ ናት፣ ትጠብቀናለች ከባሕር፤
የድሮ ባልደረባው ሲያረጅ «ውሰዳት» ብሎ የሰጠው።
ሞምባሳ ያለች እህቱን ሠላሳ ዓመት ሳያያት ቀርቶ፣
አሁን ነው ሸራ ያማረው።

ምጽዋ ላይ፣ በልጅነቱ፣ የመርከብ ስንቅ ቤት ኃላፊ፣
ዛሬም ከጆሮው ላይ እርሳስ፣ ዛሬም ቆጣሪ፣ ጸሐፊ።
«አምስት ሰው፣ ሃያ አንድ ቀን፣ በነፍስ ወከፍ አራት ሊትር»
ብሎ ባዶ ጀሪካን ደረደረ፣ ሃያ አንዱን፣ እንደ ወታደር።
ኑረዲን ማስቲካ ቢገዛ፣ «ባሕር ላይ ሱቅ የለም» አለ፤
ቶይባ ጫማዋን ብትጥል፣ «ባሕር ላይ ሱቅ የለም» አለ፤
እኔ ምንም ሳላደርግ፣
እኔንም እንዲሁ አለ።

እናቴ ባሕር አታውቅም።
ሐይቅን አንድ ቀን አይታለች፣ ለሠርግ ስትሄድ፣ በመስኮት፤
«ሰፊ ነው» ብላ ዝም አለች፤ ለእሷ ያ ነበር ስፋት።
ስንቅ ግን ታውቃለች ዘሐራ።
ሰኞ ማለዳ ደሴ ወጣች፣ ሐረጎን ጥምዝ በጥምዝ ዞራ፣
በርበሬ በእጇ ሰብራ፣ አሽትታ፣ ተከራክራ፣
ማታ ተመለሰች፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተከባ፤
«ጀልባህን አሳየኝ» አለች፣ «የት ጋ ነው ይሄ የሚገባ?»

ከዚያ ገብስ ተቆላ፣ በሶ ሆነ፤
ቋንጣው በገመዱ ዋለ፤
ድርቆሹ ቆርቆሮው ላይ ደርቆ ነፋስ ሲነካው ኮሸኮሸ።
አባቴ ደግሞ በፈንታው እንቁላሉን ዘይት ቀባ፣
«ሽንኩርት በየቀኑ ይገልበጥ፤ ካርቶን ጀልባ አይገባ፣
በረሮ ትፈለፍልበታለች።»
የጣሳውን ወረቀት ሁሉ ላጠው፣ «እርጥበት ይበላዋል» ብሎ፤
ኑረዲን ስሙን ሊጽፍበት ቀለም ይዞ፣ በኳስ ተታሎ፣
አርባ ጣሳ ራቁት ቀረ።
ቲማቲም ይሁን አናናስ፣ እስኪከፈት የሚያውቅ የለም፤
«ምናለበት?» አለች እናቴ፣ «እድላችንን እንበላለን፤ እንዲህም አይደል ዓለም?»

መብራት ጠፋ። በሻማ ተቆጠረ።
እሱ በሶውን በኪሎ፣ እሷ በጣሳ ሰፍራ፣
አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስተኛም፤ ሒሳቡ እንቢ አለ፣ አልሠራ።
«ዘሐራ፣ ይሄ የስድስት ነው። ማነው ስድስተኛው ሰው?»
ቅቤውን እየከደነች፦
«መንገድ ላይ የምናገኘው።»

«ባሕር መንገደኛ የለው! ዛፍ የለው፣ ጥላ የለው፣
ማን ቆሞ እጁን ያነሣል? ማንን ነው የምናሳፍረው?»
«ውኃ ላይ ሰው ከሌለማ፣ አንተ ምጽዋ ምን ትሠራ ነበር?»
ሳቅን።
እሷ አልሳቀችም።
«ሙሄ፣ እኔን በዚያ ክፉ ቀን ያተረፈኝ የማላውቀው ሰው ቋጠሮ ነው።
ስሙን እንኳ አልጠየቅሁም።
አኝኬ ቀና ስል ሄዷል።»

አባቴ ወደ ውጭ ወጣ። የኖራውን መስመር ዞረ፤
አንዴ ከቧንቧው እስከ ዘይቱን፣ ሻማው እስኪያልቅ ቆየ።
ትርፍ መልሕቁን፣ የሚወዳትን ሬዲዮ ከነሣጥኗ አውጥቶ፣
አጥር ሥር አኖራቸው፣
ለበሶው ቦታ ትቶ።

ሲነጋ አይሱዙው መጣ። ሾፌሩ ሸራ ወጠረ፤
«ሸራ አለን እኮ!» አለች ቶይባ፣ ማንም አልመለሰላት።
ጀሪካኖቹ ላይ ተቀምጬ ደብተሩን ሰርቄ ገለጥኩት፦
አምስታችን በየስማችን፤
ከሥር፣ በእርሳስ፣ ስድስተኛ መስመር፦
በሶ፣ ሰባት ኪሎ። ውኃ፣ ሰማንያ አራት ሊትር።
ስም፦ ስናገኘው ይጠየቅ።

መኪናው ሲነሣ ዞሬ አየሁ።
የኖራዋን ጀልባ የጎረቤት ዶሮ ተሳፍራ፣
የፈሰሰውን ገብስ ትለቅማለች።